ምስማር አቃኚው

ቅዳሜ መናገሻ ሱባ ደን ውስጥ የእግረኛ ድልድይ ከሚጠግኑ በጎ ፈቃደኞች ጋር ዋልኩ። የእኔ ድርሻ የበሰበሰውን እንጨት መሸከም ነበር፤ መዶሻ አምኖ የሚሰጠኝ ሰው አልተገኘም።

በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡ አንድ አባት ግን ድልድዩ አጠገብ ዝር አላሉም። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከአሮጌው እንጨት የተነቀሉትን ምስማሮች አንድ በአንድ ያቃናሉ። ጠማማውን ያጋድሙና ጉብታውን በመዶሻ ቀስ አድርገው ይመቱታል፤ ከዚያ በጣታቸው ያንከባልሉታል። ቀጥ ብሎ ከተንከባለለ ወደ ጣሳው፣ ካነከሰ እንደገና ወደ መዶሻው።

«አባባ፣ አዲስ ምስማር እኮ ገዝተናል» አልኳቸው።

«አየሁት ልጄ። ይህኛው ግን ጽድ ውስጥ ገብቶ ያውቃል» አሉኝ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

እውነትም የባሕር ዛፉ ርብራብ እንደ ደረቅ ዳቦ ሲፈረፈር፣ የጽዱን ቋሚ ምስጥ እንኳ አልደፈረውም።

ይህ ደን በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ፣ ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን በመጣ ዘር እንደተተከለ ይነገራል። የንጉሡን ስም ሁላችንም እናውቃለን። ዘሩን ተሸክሞ ያን ሁሉ መንገድ የመጣው ማን ነበር?

ማታ ኪሴን ስፈትሽ አንድ ጠማማ ምስማር አገኘሁ። በድንጋይ ሞከርኩት፤ አሁንም ያነክሳል።