ካርኔራ ሲወድቅ

ትናንት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬን ይዤ ወደ ሳሎን ወጣሁ። እውነቱን ልጻፍ፤ የፈለግኩት በድሮ የቦክስ ፊልም ላይ ጣልያኑ ሲደበደብ ማየት ነበር። አያቴ ዕድሜዋን ስትጠየቅ «ጣልያን ሲገባ ጡት ጥያለሁ» ነበር መልሷ፤ በእንዲህ ዓይነት ቤት ያደገ ሰው ለፕሪሞ ካርኔራ አያዝንም።

ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ ኒውዮርክ፣ ያንኪ ስታዲየም። ኢትዮጵያና ጣልያን ከተዋጉበት ከወልወል ግጭት ሰባት ወር አልሞላም፤ ሙሶሊኒ ጦሩን በመርከብ እያጓጓዘ ነው። የሃርለም ጥቁሮች ግጥሚያውን የኢትዮጵያና የጣልያን አድርገው ወስደውታል፤ ብጥብጥ ይነሳል ተብሎ ስታዲየሙን ፖሊስ ሞልቶታል። ካርኔራ 118 ኪሎ፣ ተጋጣሚው፣ የ21 ዓመቱ ጥቁር አሜሪካዊ ጆ ልዊስ 89።

ገና በመጀመሪያው ዙር የልዊስ ቀኝ የካርኔራን ከንፈር ሰነጠቀው። ልዊስ አይቸኩልም፤ አናጺ ሚስማሩን እያየ እንደሚመታ ነው የሚመታው። በስድስተኛው ዙር ካርኔራ ሦስት ጊዜ ወደቀ። ያ ሁሉ ቁመት እስኪወርድ ጊዜ ይፈጃል። ተነሳ፣ ተንገዳገደ፣ ደገመው፤ ዳኛው አርተር ዶኖቫን አስቆሙት። እዚህ ላይ ነበር እሰይ ማለት የነበረብኝ። መልሼ ከፈትኩት፤ በሁለተኛው ግን ሳልጨርስ ስልኩን ደፋሁት።

ከዚያ ሰውየው ማን እንደነበር ሳነብ ነጋ። እ.ኤ.አ. በ1906 በሰሜን ጣልያን፣ ሴኳልስ በምትባል መንደር የተወለደ የድሃ ልጅ ነው። በልጅነቱ ወደ ፈረንሳይ ተሻግሮ አናጺነት ሞከረ፤ ቁመቱ ሲመዘዝ ሰርከስ ገብቶ ጉልበቱን እያሳየ እንጀራ በላ። ፖል ጁርኔ የሚባል የቀድሞ ቦክሰኛ አየውና ለሥራ አስኪያጁ ለሊዮን ሴ አስረከበው፤ እ.ኤ.አ. በ1928 ፓሪስ ላይ ጓንት አጠለቀ። አሜሪካ ሲወስዱት ደግሞ እነ ኦውኒ ማደን፣ የለየላቸው ወንበዴዎች፣ እጅ ላይ ወደቀ። ብዙዎቹ ተጋጣሚዎቹ ተከፍሏቸው ነው የወደቁት ይባላል። ገንዘቡም በአብዛኛው በሌሎች ኪስ ቀረ።

እ.ኤ.አ. 1933 ለብቻው ጉድ ነው። በየካቲት የተጋጠመው ኧርኒ ሻፍ ከሪንግ በቃሬዛ ወጥቶ በአራተኛው ቀን ሞተ። በሰኔ ጃክ ሻርኪን በዝረራ ጥሎ የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። በጥቅምት ሮም ላይ ሙሶሊኒ ፊት ስፔናዊውን ፓውሊኖ ኡዝኩዱንን በነጥብ አሸንፎ የአውሮፓንም ቀበቶ ጨመረ። ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ እጁን ወደ ላይ የዘረጋበት ፎቶ አለ። ይህን አልረሳለትም፤ በገዛ ፈቃዱ ያደረገው ሰው ፊት አይደለም ግን። ስቱዲዮ ቤት ፎቶግራፍ አንሺው «ቀና በል» ያለው ልጅ ነው የሚመስለው።

በዓመቱ ማክስ ቤር ደጋግሞ ጥሎ በ11ኛው ዙር ሻምፒዮንነቱን ቀማው። የጣልያን ጋዜጦች የወደቀ ካርኔራ ፎቶ እንዳያወጡ ታዘዙ። ይህን ሳነብ ነው ስለ ልዊስ ግጥሚያ ያለኝ ስሜት የተገለበጠው። ሰውየው መውደቅ እንኳ የተከለከለ ነበር!

ከእንቅልፍ ማጣት የተነሳ ቀን ቆጠርኩ። ከሰኔ የቀረው 12፣ ሐምሌና ነሐሴ 60፣ ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜ 6፣ ከመስከረም 22። ልክ መቶ። ካርኔራ በተዘረረ በመቶኛው ቀን፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የጣልያን ጦር መረብን ተሻገረ።

ከጦርነቱ በኋላ ካርኔራ በነጻ ትግል ኑሮውን አቃና፣ የአሜሪካ ዜግነትም አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1967 ታሞ ሴኳልስ ተመለሰና እዚያው ሞተ።

ጠዋት ለአጎቴ ደውዬ ግጥሚያውን ነገርኳቸው። «እሰይ! ይበለው!» አሉ ሳልጨርስ። «ስንተኛው ዙር ላይ?»

«ስድስተኛው» አልኳቸው። ስለ ሰርከሱ አላነሳሁባቸውም።