በሌለበት የተገኘው ቻናል

ኬቪ1.1 የተባለውን የፖታሲየም ቻናል (ፖታሲየምን በሴል ሽፋን የሚያሳልፍ ፕሮቲን) በአይጥ አንጎል ውስጥ ለማየት የገዛሁትን የጥንቸል አንቲቦዲ (አንድን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ ሞለኪውል) የመረጥኩት፣ በካታሎጉ ላይ የወጣው የዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በክብደት ለያይቶ የሚፈለገውን በአንቲቦዲ የሚያሳይ ዘዴ) ፎቶ ስላማረኝ መሆኑን አልክድም። ናሙናውን በጄል ላይ አስኬጄ፣ ወደ ሜምብሬን አዛውሬና አንቲቦዲው ውስጥ በ4 ዲግሪ አሳድሬ ሳየው፣ 56 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) ላይ አንዲት ጥርት ያለች መስመር ብቻ ወጣች። ቻናሉ 495 አሚኖ አሲዶች ስላሉት በስሌት የሚመዝነው ይህንኑ ያህል ነው፤ በአንጎል ውስጥ ግን ስኳር ስለሚጨመርበት ከስሌቱ ከፍ ብሎ መታየት ነበረበት። ይህን አውቅ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ማስታወስ አልፈለግሁም።

አንቲቦዲውን ከተሠራበት ፔፕታይድ (የቻናሉ ቁራጭ) ጋር ቀድሜ ስቀላቅለው መስመሯ ጠፋች፤ በሳምንታዊው ስብሰባ አቀረብኩና ተመሰገንኩ። ስንወጣ፣ እዚሁ አሜሪካ በጎረቤት ላቦራቶሪ ለረጅም ዓመታት በቴክኒሻንነት የሠሩት፣ «ጋሼ» የምላቸው ያገሬ ሰው ኮሪደር ላይ አቆሙኝ።

«ቻናሉ በሌላት አይጥ ላይ ሞክረኸዋል?»

«ፔፕታይዱ አጥፍቶታል እኮ፣ ጋሼ።»

«እጁን ብታስረው ማንንም አይጨብጥም፤ ቀድሞ የጨበጠው ማንን እንደነበር ግን በዚህ አታውቅም።»

ፈገግ ብዬ አለፍኩ። የከነከነኝ ነገሩ ትክክል መሆኑ ሳይሆን፣ ሁለት ተማሪዎቻችን እየሰሙ መናገራቸው ነበር።

የእርሳቸው ላቦራቶሪ የሚጥል በሽታን ስለሚያጠና፣ የዚህ ቻናል ዘረ መል የተሰረዘባቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የሚታወቁትና በሦስተኛ ሳምንታቸው ገደማ መንዘፍዘፍ የሚጀምራቸው አይጦች ነበሩት። ከአንዷ አንጎል ያገኘሁትን ናሙና ከጤነኛዋ ጎን ለጎን ሳስኬድ፣ ያቺ ጥርት ያለች መስመር በሁለቱም ላይ እኩል ደምቃ ቁጭ አለች። የመጀመሪያ ሐሳቤ የተሳሳተው አንቲቦዲው ሳይሆን አይጧ ናት የሚል ስለነበር፣ ጋሼን የዘረ መል ምርመራውን እንዲደግሙልኝ ጠየቅኋቸው። አንድ ቃል ሳይናገሩ ደገሙት፤ የጄሉን ፎቶም ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። አይጧ አልተሳሳተችም።

ሻጩ ድርጅት ሜምብሬኑን ስንት ደቂቃ እንዳጠብኩ ከጠየቀኝ በኋላ ለቀጣዩ ግዢ የ10 በመቶ ቅናሽ ሰጠኝ። አልተቀበልኩም ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ በቅናሹ የገዛሁት ብልቃጥ ግን ዛሬም ሳይከፈት ፍሪዘር ውስጥ አለ።

በመጨረሻ፣ ዘረ መሉ በተሰረዘባቸው አይጦች ላይ የተፈተነ ሞኖክሎናል (ሁሉም ቅጂዎቹ አንድ ዓይነት የሆኑ) አንቲቦዲ አስመጣን። ቻናሉ በሌለበት በኩል ባዶ ሆነ፤ በጤነኛዋ በኩል ደግሞ ከ56 በላይ የተንጠለጠለ፣ ሰፊና ጠርዙ የደበዘዘ መስመር ወጣ። ጋሼ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«አያምርም» አሉ፤ ቀጥለውም አንድ ቅጂ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ።