ታኮ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ መኪና ሥር ተኝቼ ዋልኩ። የሲሚንቶው ቅዝቃዜ እስካሁን ከጀርባዬ አልወጣም። እጄን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥቤያለሁ፣ የፍሬን ዘይቱ ሽታ ግን አልለቀቀኝም። ቤቱ ሁሉ ተኝቷል። እኔን እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ከሰዓት በኋላ የሰማኋት አንዲት ጥያቄ ልቤ ላይ ተቀምጣለች፣ እስቲ ልጻፈውና ይቅለለኝ።

ስለ አርቪዋ ታውቃላችሁ፣ ውስጧ እየኖሩ ስለሚጓዙባት መኪና። ባለፈው በጋ የገዛናት፣ በ1995 ፎርድ ኢ-350 ላይ የተሠራችው። የአማርኛ ስም አጥተንላት ቀርተናል። «የቤት መኪና» እንዳንላት እሱ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ እኛ ቤት «ቤቷ» ነው የምትባለው። አልጋ አላት፣ ምድጃ አላት፣ መታጠቢያ አላት። ዕቃና ሰው ስትጭን 5 ቶን ገደማ ትሆናለች። ይህን ሁሉ ቤት ይዞ የሚያቆመው ዘይት የሚያልፍበት ቱቦ ደግሞ ከእርሳስ ይቀጥናል። ውፍረቱ 4.75 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ቁጥር ያወቅኩት አሁን ነው፣ ካወቅኩት ወዲህም ከአእምሮዬ አልጠፋም።

ሦስት ሳምንት ሆነው። ከሰፈራችን ሱቅ ስወጣ ፍሬን ያዝኩ፣ ፔዳሉ ለስለስ ብሎ ወደ ታች ሄደ። ዳሽቦርዱ ላይ ቀዩ መብራት በራ። ቆመች፣ ግን ዘግይታ ነው የቆመችው። ያቆማት የፊቱ ፍሬን ነው። የፊቱና የኋላው ለየብቻ ነው የሚሠሩት፣ አንዱ ቢፈስ ሌላው እንዲተርፍ። ወርጄ ጎንበስ ብዬ ሳይ ከሆዷ ሥር ዘይት ይንጠባጠባል። ወደ ኋላ የሚሄደው ቱቦ በስቷል።

ሜዳ ላይ መሆኑ ነው እግዚአብሔር ይመስገን ያሰኘኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ እኮ ቤተሰቡን ሁሉ ጭኜ እዚሁ ኮሎራዶ ተራራ ላይ ካለው የአይዘንሃወር ዋሻ ወደ ሲልቨርቶርን ከተማ ወርጄባታለሁ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የዋሻው አፍ 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ከዚያ ቁልቁለቱ 7 በመቶ ሆኖ ኪሎ ሜትሮች ይቀጥላል። ፍሬን እምቢ ያላቸው የጭነት መኪኖች ወጥተው የሚቆሙበት የጠጠር መንገድም በጎን ተሠርቷል። ልጆቹ ከኋላ ካርታ ይጫወቱ ነበር። እናታቸው ብርቱካን እየላጠች ታጎርሰኝ ነበር። ያ ቱቦ የዚያን ቀንም እንደ ወረቀት ሳስቶ ነበር ማለት ነው። ይህን ሳስብ አሁንም ሆዴ ይረበሻል።

የሚገርመው ከላይ ሲያዩት ቱቦው ምንም አይልም። ጥቁር ነው፣ ቀጥ ብሎ ሻንሲውን ተከትሎ ይሄዳል። የተበላው በማሰሪያዎቹ ሥር ነው። ብረቱን ከሻንሲው ጋር የሚይዙት ማሰሪያዎች ሥር ጭቃና ጨው ተቀምጦ፣ ማንም ሳያየው ዓመት ከዓመት ሲበላው ኖሯል። መኪናዋ ኦሃዮ ነው ያደገችው፣ እዚያ በክረምት በረዶው እንዲቀልጥ መንገድ ላይ ጨው ይበትናሉ። እዚህ ኮሎራዶ ደግሞ ማግኒዚየም ክሎራይድ ይረጫሉ። ሁሉም ለብረት አንድ ነው።

አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። የበሳውን ቦታ ብቻ ቆርጠን በመገጣጠሚያ እንቀጥለው አሉኝ። ርካሽ ነው፣ ዛሬውኑ ታገኛታለህ አሉኝ። እንቢ አልኩ። በዳዶ ተጨምቆ የሚይዝ የውኃ ቧንቧ መገጣጠሚያ የፍሬን ግፊት አይችልም፣ ይህን የሚያውቅ ሰው ለፍሬን አያስበውም። ደግሞስ አንዱ ቦታ ከበሳ ጎረቤቱ ምን ዋስትና አለው? ሁሉንም ራሴ እለውጣለሁ አልኩ።

የገዛሁት የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ነው። ቮልቮ በ1976 መኪኖቹ ላይ ማድረግ የጀመረው ዓይነት ነው። ኒኬሉ 10 በመቶ ገደማ ነው፣ እና ጨው አይበላውም። በእጅ ይታጠፋል። ንጹህ መዳብ ግን ለዚህ አይሆንም፣ ከንዝረት ብዛት ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ ይህን ማንም እንዳይሳሳት። ጫፉን ሁለት ጊዜ አጥፎ ማስፋት ነው ዋናው ሥራ። አንድ ጊዜ ብቻ የታጠፈ ጫፍ ይሰነጠቃል። ዳዶውን ደግሞ ጫፉን ከማጠፍህ በፊት ቱቦው ላይ ማጥለቅ አለብህ፣ ከረሳህ ቆርጠህ እንደ አዲስ ትጀምራለህ። የአሮጌዎቹን ዳዶዎች ነገር አልነግራችሁም። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት እያጠጣሁ ሁለት ቀን ጠበቅኩ፣ እምቢ ያሉትን ቱቦውን ከሥሩ ቆርጬ በቦክስ ቁልፍ አወጣኋቸው።

ዛሬ የቀረኝ ከፍሬን ቱቦው አየር ማውጣት ብቻ ነበር። ለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ትልቋ ልጄ ጋቢና ገባች። እኔ ከማስተሩ፣ ማለትም ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ከሚገፋው ክፍል፣ ከሚርቀው ጎማ ጀመርኩ፣ ከኋላ ቀኝ። እሷ ትረግጣለች፣ «ያዝኩ!» ትላለች። እኔ የአየር ማውጫዋን ብሎን ላላ አደርጋለሁ። ዘይቱ ከነአረፋው በላስቲኩ ቱቦ ወደ ጠርሙሱ ይወርዳል። እዘጋለሁ። «ልቀቂ!» እላለሁ። እኔ ሳልዘጋ እሷ እግሯን ካነሳች አየሩ ተመልሶ ይገባል፣ ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። አንድም ጊዜ አልተሳሳተችም። ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ደስ ብሎኝ «ጎበዝ ረዳት!» አልኳት።

«ባባ፣ ረዳት ምንድን ነው?» አለችኝ ከላይ።

መለስኩላት። የሚያግዝ ሰው ማለት ነው አልኳት። እሷም እሺ ብላ ቀጠለች። እኔ ግን ከዚያ በኋላ እጄ ሲሠራ ሐሳቤ እዚያ አልነበረም።

ረዳት የሚያግዝ ሰው ብቻ ነው እንዴ? የአባዬን መኪኖች ታስታውሳላችሁ፣ ብዙ ጊዜ ጽፌያለሁ። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ፣ ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር። ሾፌሩ ጋቢና ይቀመጣል፣ ረዳቱ ጭነት ላይ ይተኛል። ጎማ የሚፈታው እሱ ነው፣ ሸራ የሚያስረው እሱ ነው፣ ሌሊት ዕቃ የሚጠብቀው እሱ ነው። እና ታኮ የሚጥለው እሱ ነው። መኪናው ዳገት ላይ ሲንሸራተት ዘሎ ወርዶ፣ ከሚንከባለለው ጎማ ሥር እንጨት ወይም ድንጋይ የሚወትፈው ማለት ነው። ጎማው እጁ አጠገብ ነው የሚያልፈው። ስንት መንገድ ላይ ተረስቶ የቀረ ታኮ ድንጋይ አይቼ «ምናለ ቢያነሱት» ብያለሁ። ማን እንዳስቀመጠው፣ ምን ሆኖ እንደሆነ አስቤ አላውቅም።

አንድ ነገር ዛሬ ገባኝ። መኪና ላይ ያለው ቃል ሁሉ ማለት ይቻላል ጣልያን ትቶልን የሄደው ነው። ፍሬን፣ ጎማ፣ ማርሽ፣ ባሌስትራ፣ ፍሬቻ። ታኮም የእነሱ ነው። መሪና ረዳት ግን የራሳችን ናቸው።

አባዬ ስለ ዓባይ በረሃ ብዙ ያወራል። ጎሃ ጽዮን ላይ ቆመው ሻይ እንደሚጠጡ፣ ረዳቱ ጎማዎቹን በብረት እየመታ ድምፃቸውን እንደሚሰማ፣ ከዚያ በከባድ ማርሽ ቀስ ብለው ወደ ድልድዩ እንደሚወርዱ። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ መውረድ ነው፣ ከዚያ በደጀን በኩል ያንኑ መውጣት። «ቁልቁለት በፍሬን አይወረድም፣ በማርሽ ነው» ይላል። ፍሬኑ ከጋለ የፍሬን ሸራው መያዝ ይተዋል። በዘይት የሚሠራ ከሆነ ዘይቱም ይፈላል፣ በተለይ ያረጀ ዘይት፣ ከአየሩ እርጥበት ስለሚጠጣ። አዲስ ዶት 3 የሚባለው ዘይት ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፣ ውኃ የጠጣው ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። አባዬ ይህን ቁጥር አያውቅም። ከሽታው ነበር የሚያውቀው።

የአርቪዋን ፎቶ የላክሁላቸው ጊዜ ዘመድ ሁሉ አልጋዋን አሳየን፣ ምድጃዋን አሳየን አለ። አባዬ ብቻ «ፍሬኗን አይተሃል?» አለኝ። ያኔ ሳቅኩ።

አባዬ የማያወራው አንድ ነገር አለ። እኔ ሳልወለድ በፊት ዓባይ በረሃ ላይ ፍሬን በጥሶበት ያውቃል። ልጅ ሆኜ «ፍሬን በጠሰ» ሲሉ ገመድ ነበር የሚታየኝ፣ ወፍራም ገመድ መሀል ላይ ሲበጠስ። ስለዚያ ቀን ከአባዬ የሰማሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። «ያ ልጅ ባይኖር አንተም አትኖርም ነበር።» ይህን ብሎ ወደ ውጭ ይወጣል። እማዬን ስጠይቃት «ተወው» ትለኛለች። እኔም ተውኩት። ያ ልጅ ረዳቱ እንደሆነ ግን አውቅ ነበር።

አሁን የምጽፈውን ዛሬ መኪና ሥር ሆኜ ነው ያገናኘሁት። በክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ አባዬ አንዳንዴ ይዞኝ ይሄድ ነበር። ደጀን ስንደርስ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ያቆማል። ስኳርና ቡና ይይዛል። ለዘመን መለወጫ ከሆነ ጨርቅም ይጨምራል። «አንተ እዚህ ጠብቀኝ» ይለኛል። አንዲት አሮጊት በር ላይ ቆመው ይቀበሉታል፣ አባዬ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ይስማል። ሲመለስ አይናገርም፣ ባሕር ዳር እስክንደርስ ሬዲዮ እንኳ አይከፍትም። አክስቱ ይመስሉኝ ነበር። ደጀን ዘመድ እንደሌለን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ ሴትየዋን ረስቻቸው ነበር።

ዛሬ ልጄ ከላይ «ያዝኩ!» ስትል ነው ትዝ ያሉኝ። ነጠላቸው፣ በሩ፣ አባዬ ጎንበስ ሲል።

የዚያ ልጅ እናት ነበሩ? ልጁስ ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ቤቱ ተመልሷል ወይስ አልተመለሰም? አባዬ እየሄደ ያመሰግናቸው ነበር ወይስ ይቅርታ ይጠይቃቸው ነበር? ስሙን እንኳ አላውቅም። አርባ አራት ዓመት በእሱ ምክንያት ኖሬ ስሙን አላውቅም። ትልቋ ልጄም አታውቅም፣ እሷም እኮ በእሱ ምክንያት ነው ያለችው።

አባዬ ሰባ ስምንት ዓመት ሞልቶታል። ዓይኑ ደክሟል፣ መንዳት ካቆመ ቆይቷል። እሁድ እደውላለሁ፣ ሁልጊዜ እሁድ ነው የምንደዋወለው። መጀመሪያ ስለ ጤናው እጠይቀዋለሁ፣ እሱ ስለ ፍሬኗ ይጠይቀኛል። ሁሉንም ቱቦ ለወጥኩ ብዬ እነግረዋለሁ፣ ደስ ይለዋል። ከዚያስ? ይህን ያህል ዓመት ዘግቶ የያዘውን ነገር በስልክ፣ ከዚህ ሁሉ ርቀት፣ ፊቱን ሳላይ ልክፈትበት? ወይስ እሱም የሚጠይቀው ሰው አጥቶ ነው የኖረው?