ለፒያኒስቱ የሰጠሁት ወረቀት

ለኦፔራ ኦዲሽን፣ ዘፋኝ ለሚፈተንበት ማለቴ ነው፣ ኖታ እንዴት እንደሚዘጋጅ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ያን ቀን ከፈተናው ክፍል አንገቴን ደፍቼ አልወጣም ነበር። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ያደግኩት አዲስ አበባ፣ ቤተ ክርስቲያን ኳየር ውስጥ ነው። የኦፔራ ትምህርት የጀመርኩት ግን አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ፣ በ26 ዓመቴ ነው። «አሁን? ረፍዷል እኮ!» ያላለኝ የለም። ልቤን የሞላው የጥቁር አሜሪካዊው የኦፔራ ዘፋኝ የጆርጅ ሸርሊ ታሪክ ነው። በ1934 እ.ኤ.አ. ኢንዲያናፖሊስ ተወልዶ ዲትሮይት አደገ። የሙዚቃ አስተማሪ ነበር። ለውትድርና ሲጠራ በአሜሪካ ጦር ሠራዊት መዘምራን ውስጥ የመጀመሪያው ጥቁር አባል ሆነ። ኦፔራን የያዘው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1961 የኒው ዮርኩን የሜትሮፖሊታን ኦፔራ ውድድር አሸነፈ፤ በዚያው ዓመት እዚያ መድረክ ላይ ዋና ሚና የዘፈነ የመጀመሪያው ጥቁር ቴነር (ከፍ ያለ ድምፅ ያለው ወንድ ዘፋኝ) ሆነ። 11 ዓመት ቆየ።

መምህር ፈለግኩ፣ ፎርም ሞላሁ፣ ድምፄን ቀድቼ ላክሁ። ብዙ ኦፔራ የሚዘፈንበት ጣሊያንኛም አልከበደኝም። እኛ «አለ»ን አጥብቀንና አላልተን ስንለው ትርጉሙ እንደሚለየው፣ እነሱም ድርብ ፊደላቸው ካልጠበቀ ቃሉ ይበላሻል። አብረውኝ የሚማሩት ወራት የለፉበትን እኔ ከእናቴ አፍ ይዤው ነው የመጣሁት። በዚህ እኮራለሁ።

ጉዱ የመጣው ኦዲሽኑ ላይ ነው። መመሪያው «ድምፅዎን በደንብ የሚያሳይ አርያ ይምረጡ፤ ለፒያኒስቱ ኖታ ይዘው ይምጡ» ይላል። አርያ ኦፔራ ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን የሚዘፍነው ዜማ ነው። በቃ፣ ሌላ ቃል የለም። እኔም «ላ ቦኤም» ከሚባለው ኦፔራ ሮዶልፎ የሚባለው ገጸ ባሕርይ የሚዘፍነውን መረጥኩ። ከፍተኛው ዶ፣ ቴነር የሚፈተንበት ያ ከፍ ያለ ድምፅ፣ ያለበት ነዋ! ኖታውን ማታ ፎቶ ኮፒ አደረግኩት። አላያያዝኩትም።

ፒያኒስቱን አይቼው አላውቅም። ወረቀቱን ሲቀበለኝ ግንባሩን ቋጠር አደረገ። አንድ ገጽ ላይ ኮፒው የታችኛውን መስመር፣ የግራ እጁን ኖታ ማለት ነው፣ ቆርጦታል። እኔ አላየሁም። ሁለተኛው ገጽ ላይ ግራ እጁ ተንሳፈፈ። ሦስተኛውን ሊገልጥ ሲል ወረቀቶቹ ወለል ላይ ተበተኑ። ዝም አለ። ብቻዬን ቀጠልኩ። ወደ ዶው ስወጣ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ወጣ የሚባል ነገር አልወጣም። ጠረጴዛው ጋ ከተቀመጡት ሦስት ሰዎች አንዷ «እናመሰግናለን» አለች። ፒያኒስቱ ተንበርክኮ ወረቀቴን ሲለቅም እኔ ቆሜ አየዋለሁ። እስካሁን ያ ነው የሚያንገበግበኝ።

ለኦዲሽኑ የከፈልኩት አይመለስም። ምን ላስተካክል ብዬ ኢሜይል ጻፍኩላቸው። መልሱ ሁለት መስመር ነበር፦ አስተያየት አንሰጥም። ቆራጣ ወረቀት ማምጣቴ የኔ ጥፋት ነው፣ አልክድም። ግን መመሪያው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምሩ ምን ይጎድልባቸዋል?

እኔ የምላችሁ ይኼ ነው። ኖታውን ጀርባና ፊት አድርጋችሁ ክላሰር ውስጥ አስሩት። የሚያብረቀርቅ ላስቲክ ውስጥ አትክተቱት፣ መብራት ያንጸባርቃል። ትንፋሽ የምትወስዱበትን በእርሳስ ምልክት አድርጉለት። «ድምፅዎን የሚያሳይ» የሚለውን ደግሞ እርሱት። ጉንፋን ይዟችሁም፣ ሳትተኙ አድራችሁም የምትዘፍኑትን ምረጡ። ሸርሊ እንኳ ሜትሮፖሊታን ላይ የጀመረው ፌራንዶን ሆኖ ነው፤ ሞዛርት «ኮሲ ፋን ቱቴ» በሚለው ኦፔራው ውስጥ ለቴነር የጻፈው ሚና ነው። የፌራንዶ አርያ ከፍተኛ ዶ የለውም፤ ረጅም፣ የተረጋጋ ትንፋሽ ግን ይፈልጋል። አዳማጭ ድምፃችሁን የሚለየው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

በሚቀጥለው ወር ሌላ ኦዲሽን አለኝ። ፌራንዶን ነው የምዘፍነው። ትናንት ማታ ኖታውን አስሬ ጨረስኩ። የታችኛውን መስመር ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በጣቴ እየተከተልኩ አየሁት።