ለብሬክ ብቻ ሁለተኛ ስቴካ ያስፈልጋል? እስካሁን ያየሁት

ፑል ስጫወት ሁለት ስቴካ፣ ማለትም ሁለት የኳስ መምቻ ዱላ፣ መያዝ ከጀመርኩ ሰነባበትኩ። አንዱ ለጨዋታው፣ ሌላው ለብሬክ ብቻ፤ የተደረደሩትን ኳሶች በትኖ ጨዋታውን ለሚከፍተው ምት። ሁሌ የሚገጥመኝ ጥያቄ ያው ነው፦ «ለውጥ አለው ወይስ ለጉራ ነው?» ለውጥ አለው። ግን ሻጮች የሚያወሩለት ዓይነት አይደለም። እነሱ ስለ ጉልበት ነው የሚሰብኩት። እኔ ያገኘሁት ትልቁ ጥቅም በስቴካ የምንመታት ነጯ ኳስ ካሰብኩላት መስመር አለመውጣቷ ነው። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ሌላውን ላራግፍ።

ከቀላሉ ልጀምር፤ ከጫፉ ቆዳ። የመጫወቻ ስቴካ ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 13 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቆዳ ነው። ጎበጥ ብሎ የተሞረደ ነው፣ ቾክ (እንዳይሸተት የሚቀባውን ዱቄት) ይይዛል፣ ነጯን እንደፈለግን ያሽከረክርልናል። ይኸው ቆዳ በየብሬኩ ሙሉ ኃይል ሲያርፍበት ይጠቀጠቃል። ዙሪያው ወደ ጎን ይሰፋል፣ ላዩ ይደርቃል፣ ቾክም እንደ በፊቱ አይይዝም። ለስላሳ ወይም መካከለኛ ቆዳ ላይ ይሄ ቶሎ ይመጣል፤ ጠንካራው ላይ ዘግየት ይላል። የእኔ መካከለኛ ነው። ብሬኩን ወደ ሌላ ስቴካ ካዛወርኩ ወዲህ የምሞርደው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ከሁሉ የወደድኩት ደግሞ ቆዳው ከሳምንት ሳምንት አለመለዋወጡን ነው። ቀጭን ምት ስመታ ጫፉ እንዴት እንደሚመልስልኝ አውቃለሁ።

ለዚህ ጥቅም ብቻ ከሆነ ልዩ ስቴካ መግዛት ግዴታ አይደለም። መጫወቻ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከተደረደሩት ቀጥ ያለውን መርጦ በእሱ መበተን ይቻላል። ጠረጴዛው ላይ አንከባሉት፤ ጫፉ ብድግ ቁጭ ካላለ ቀጥ ያለ ነው። ቆዳው አለመላላቱን እዩ። በቃ።

አሁን ወደ ክብደት። ስቴካ በከበደ ቁጥር ብሬኩ ይበረታል የሚል እምነት አለ። ጡንቻቸውን የሚወዱ ወዳጆቼ በተለይ ይህን አይለቁም። የስቴካ ክብደት በኦውንስ ነው የሚጠራው፣ አብዛኛውም ከ18 እስከ 21 ነው። በግራም ከ510 እስከ 595 አካባቢ ማለት ነው። ኳሷ ደግሞ ቢበዛ 170 ግራም ናት። ሁለቱን ስቴካዎች በእኩል ፍጥነት ብትሰነዝሯቸው ከባዱ ነጯን የሚያፈጥናት በ4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። 85 ግራም ተጨምሮ 4 በመቶ! ያውም ክንዳችሁ ፍጥነቱን ካልቀነሰ ነው። ክንድ ደግሞ ሲከብደው ይቀንሳል። ስለዚህ ሳትወጣጠሩ በፍጥነት የምትሰነዝሩትን ምረጡ። የአንዱ ምርጫ ለሌላው አይሆንም።

ይህን በግምት መተው አልፈለግኩም። ለመለካት የስልክ ድምፅ መቅጃ ይበቃል። ባለ 9 ጫማ ጠረጴዛ ላይ ነጯን በመነሻው መስመር መሃል ብታስቀምጧት፣ የመጀመሪያዋን ኳስ እስክትነካ የምትጓዘው 121 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። የተቀዳውን ድምፅ በምስል የሚያሳይ መተግበሪያ ስትከፍቱ ሁለት ሹል ምልክቶች ታያላችሁ፤ አንዱ ስቴካው ነጯን ሲመታ፣ ሁለተኛው ነጯ ድርድሩ ላይ ስታርፍ። በመካከላቸው 0.15 ሰከንድ ካለ ፍጥነቷ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። እኔም እዚያው ግድም ነኝ። በባለ 19 እና በባለ 21 ኦውንሱ መካከል የረባ ልዩነት አላየሁም። በከባዱ ግን ክንዴ ቶሎ ይዝላል፣ ምቴም ይዘበራረቃል። 19 ላይ ረጋሁ። ከመጫወቻዬ ጋር እኩል ስለሆነ ስቀያይር እጄ ግራ አይጋባም።

ፍጥነት ከፈለጋችሁ ከክብደት ይልቅ የጫፉ ጥንካሬ ይሻላል። ለብሬክ ተብለው የሚሠሩ ስቴካዎች ብዙዎቹ ፌኖሊክ የሚባል ጠንካራ ጫፍ አላቸው። ጥሩ የፑል ኳሶች የሚሠሩትም ከዚሁ ከፌኖሊክ ሬዚን ነው። ቆዳ ሲመታ ይጨመቅና ከጉልበቱ የተወሰነውን ይውጣል። ፌኖሊክ ያን ያህል አይውጥም፤ በተመሳሳይ እጅ ከ5 እስከ 8 በመቶ ገደማ ፍጥነት ይጨምራል። ድምፁም ቤቱን ሙሉ ያዞራል። ችግሩ ቾክ አይይዝም። መሃሏን ትንሽ ከሳታችሁ ሸተት ይልና ነጯ እግሯ ወደመራት ትሄዳለች። እኔ ለተወሰነ ጊዜ ከሞከርኩት በኋላ ፌኖሊኩን አስነቅዬ ጠንካራ ቆዳ አስለጠፍኩ። የቀነሰው ፍጥነት ጥቂት ነው፤ መንሸራተቱ ግን ቀረ ማለት ይቻላል። ውድድር የምትገቡ ሕጉን ቀድማችሁ አንብቡ። በዓለም የፑል ቢሊያርድ ማኅበር መስፈርት ስቴካ ከ40 ኢንች ማጠር፣ ከ25 ኦውንስም መክበድ የለበትም፤ የጫፉ ስፋት ደግሞ ከ14 ሚሊሜትር አይበልጥም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ስለዚህ ነገር ሲወራ ብዙም ስለማልሰማ ዘርዘር አደርገዋለሁ።

ነጯን ከመሃሏ ትንሽ ወደ ግራ ብትመቷት፣ ስቴካው ካነጣጠረበት ትንሽ ወደ ቀኝ ትሸሻለች። ይህ በሁሉም ስቴካ ያለ ነው፤ መጠኑ ብቻ ይለያያል። መጠኑን በዋናነት የሚወስነው ስቴካው ከፊት በኩል፣ ጫፉ አካባቢ ያለው ክብደት ነው። ፊቱ ከቀለለ ሽሽቱ ያንሳል። የዘመኑ መጫወቻ ስቴካዎች ብዙዎቹ ይህን ሽሽት ለመቀነስ ታስበው የተሠሩ ናቸው። እያሽከረከሩ ለሚጫወቱበት ምት ግሩም ነገር ነው።

ለብሬክስ? በሙሉ ኃይል ስትሰነዝሩ የኋላ እጃችሁ ትንሽ ወደ ቀኝ ወጣ አለ እንበል። ስቴካውን ከፊት የሚደግፈው የፊት እጃችሁ ቋሚ ስለሆነ ስቴካው በእሱ ላይ ዞሮ ጫፉ ወደ ግራ ይሄዳል። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ሆነ። ስቴካው ወደ ግራ አነጣጠረ። ነጯ ደግሞ ግራዋ ስለተመታ ወደ ቀኝ መሸሽ ፈለገች። ሁለቱ ይቃረናሉ። ከፊት እጃችሁ እስከ ነጯ ያለው ርቀት ለዚያ ስቴካ ልኩ ከሆነ ይጣፋሉ፤ ነጯም ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጥ ብላ ትሄዳለች።

ይህ ልክ ርቀት ብዙ ለሚያሸሽ ስቴካ አጭር ነው፣ ጥቂት ለሚያሸሽ ደግሞ ረጅም። የእኔ መጫወቻ ጥቂት ከሚያሸሹት ነው። ብሬክ ስመታ የፊት እጄ ከነጯ የሚርቀው ከ25 እስከ 30 ሳንቲሜትር ነው፤ መጫወቻዬ ግን ከዚያ በጣም የራቀ ይፈልጋል። ስለዚህ በእሱ ብሬክ ስመታ ክንዴ ባዘነበለ ቁጥር ነጯም አብራ ታዘነብላለች። ፊቱ ከበድ ያለው ተራ ስቴካ ግን በዚያው ርቀት ይቅር ይለኛል። በሙሉ ኃይል ሲሰነዝር ክንዱ የማያዘነብል ሰው ካለ ይህ አንቀጽ አይመለከተውም።

እናንተም ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ነጯንና አንዲት ሌላ ኳስ በጠረጴዛው ርዝመት አራርቃችሁ አስቀምጡ። መሃል ለመሃል አነጣጥሩ። ከዚያ የፊት እጃችሁን ሳታነቃንቁ የኋላውን ሆን ብላችሁ ወደ ጎን አውጡና ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ። ቀስ ካላችሁ ሽክርክሪቱ የነጯን መንገድ ያጣምመዋል፣ ሙከራውም ይበላሻል። ሌላዋ ኳስ መሃሏን ከተመታች ርቀታችሁ ለዚያ ስቴካ ልክ ነው። ነጯ ጫፉ ወደሄደበት ጎን ካለፈች የፊት እጃችሁን ወደ ኋላ አርቁ። በተቃራኒው ከሄደች አቅርቡ። ሁለቱን ስቴካዎቼን በተከታታይ ስፈትሻቸው ልዩነቱ በዓይን የሚታይ ነበር። ስቴካ ለመግዛት የምትሄዱ ከሆነ ስለ ክብደቱ ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን ሞክሩ።

ጠረጴዛው ላይ የታየው ውጤት ይኸው ነው። በ9 ኳስ ጨዋታ የፊቷን ኳስ ሙሉ በሙሉ ስትነካት ጉልበቱ ወደ ድርድሩ ይገባል፣ ነጯም ወደ መሃል ጠረጴዛ ትንሽ ተመልሳ ትቆማለች። ጎኗን ብቻ ስትነካት ግን ነጯ የቀረ ጉልበቷን ይዛ ወደ ጠርዝ ትሮጣለች፤ ከዚያ ቀዳዳ መግባት የእሷ ሥራ ነው። አሁን መሃል ላይ የምትቆምልኝ ጊዜ በጣም በርክቷል። ፍጥነቴ ያው ነው፤ ኳሶቹ ግን ከበፊቱ ይበልጥ ይበተናሉ።

የነጯን መዝለልም ሳልጠቅስ አላልፍም። ነጯ ጠርዙ አጠገብ ስትቀመጥ ስቴካው ከኋላ ከፍ ይላል፣ ምቱም ወደ ታች ይሆናል፣ እሷም ብድግ ትላለች። በአየር ላይ እያለች የፊቷን ኳስ ከነካች ጉልበቱ ይባክናል፤ አንዳንዴም ከጠረጴዛ ትወጣለች። ከጠርዙ ራቅ አድርጌ አስቀምጣታለሁ። ይህን ደግሞ የትኛውም ስቴካ አያስተካክለውም።

ሁለተኛ ስቴካ ለማያስፈልጋቸውም ቃል አለኝ። ብሬካችሁ ለስላሳና የተለካ ከሆነ ተዉት፤ ቆዳችሁ አይጎዳም፣ ክንዳችሁም አያዘነብልም። ከታወቁት የፑል ተጫዋቾች ሼን ቫን ቦኒንግ በኃይለኛ ብሬኩ ሲታወቅ፣ ኮሪ ዱኤል ደግሞ በለስላሳው ስሙን አስጠርቷል። የስኑከር ሰዎችማ ጨርሶ አይጨነቁበትም። የእነሱ መክፈቻ ድርድሩን ጫፉን ነክቶ ነጯን ወደ ኋላ መመለስ ስለሆነ አንዱ ስቴካ ይበቃቸዋል። ለብሬክም፣ ነጯን በሌላ ኳስ ላይ ለማዝለልም ተብለው የሚሸጡትን ሁለት በአንድ ስቴካዎች እኔ አልወደድኳቸውም፤ ለማዝለል ፊቱን ሲያቀሉት ብሬኩ ላይ የምፈልገው ይቅር ባይነት ይጠፋል።

አሁን የያዝኩት በ8 ኳስ ከጎን ሆኖ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያለችውን ኳስ መምታት ነው። እዚያ ነጯ ከመሃሏ ዝቅ ብላ ስለምትመታ ጫፉ ቾክ መያዙ ግድ ነው። ጠንካራው ቆዳ ይችለዋል ወይ የሚለውን እያየሁ ነው። እስካሁን በየምቱ በደንብ ቾክ ካደረግኩት አልሸተተም።