በደብረ ብርሃን ብርድ ከእበትና ከአረቄ አተላ ባዮጋዝ ማውጣት

ደጋ ላይ ባዮጋዝን የሚፈትነው ብርዱ ነው። ሚቴን (ባዮጋዝ ውስጥ የሚነደውን ጋዝ) የሚያመነጩት ባክቴሪያዎች የሚመቻቸው 35 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ከ15 በታች ይዘገያሉ፣ ከ10 በታች ሊያቆሙ ምንም አይቀራቸውም። ስለዚህ እዚህ ዋናው ሥራ ሙቀት መቆጠብ ነው።

ማብላያው (እበቱ ያለ አየር የሚብላላበት ጉድጓድ) ከጋዝ መያዣው ጋር 6 ሜትር ኩብ ነው፣ ጉልላቱ ከመሬት በታች ተቀብሯል። ቆላ ላይ እበቱ 40 ወይም 50 ቀን ቢቆይ ይበቃዋል። እዚህ ግን 70 ቀን ያህል እንዲቆይ በቀን ከ30 ኪሎ እበትና ከ30 ሊትር ውሃ በላይ አላስገባም። ጋዝ ሲያንስ እበት መጨመር ያባብሰዋል፤ ገና ያልተብላላው ተገፍቶ ይወጣል። ውሃውን በጥቁር ጀሪካን ፀሐይ ላይ አውዬ የምቀላቅለው ከሰዓት በኋላ ነው፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ። ጉልላቱን የኮምፖስት ክምር አልብሼዋለሁ፤ ክምሩ ሲብላላ የራሱን ሙቀት ይሰጣል። ጭድና አፈር እንዳይገባ አጥብቄ እጠብቃለሁ፦ ጭዱ ከላይ ተንሳፍፎ ይጋገራል፣ አፈሩ ታች ይዘቅጣል። በረኪና የነካው ውሃና ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የተወጋች ላም እበትም ባክቴሪያውን ሊገድሉ ይችላሉ።

ሲጀመር ከሚሠራ ማብላያ የወጣ ዝቃጭ ማስገባት ጊዜ ያሳጥራል። መጀመሪያ የሚወጣው ጋዝ አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሆነ አይነድም፤ ይለቀቅ።

አተላው ከባድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአረቄ አተላ አረቄው ከወጣ በኋላ ትኩሱን ስለሚወጣ ለብ ሲል ቢገባ ሙቀትም ምግብም ነው። ግን ጎምዛዛ ነው፣ በውስጡ የቀረውን ስኳርና ስታርች አሲድ ሠሪዎቹ ባክቴሪያዎች በፍጥነት ወደ አሴቲክና ፕሮፒዮኒክ አሲድ ይለውጡታል። ያንን አሲድ ወደ ሚቴን የሚያደርሱት ግን ዝግተኞች ናቸው፣ ብርድ ላይ ደግሞ ይበልጥ። በመሀል አሲዱ ይከማቻል። ስለዚህ ከዕለቱ ቅልቅል አንድ አሥረኛ ብቻ በአተላ እተካለሁ፤ ነበልባሉ ሳይለወጥ ሳምንታት ካለፉ ቀስ በቀስ እስከ አንድ አምስተኛ። (ለከብት የሚሆን አተላ ካነሰ ግን ለከብት ይቅደም።) ነበልባሉ ደክሞ ቶሎ ቶሎ ከጠፋ፣ ዝቃጩም ከሸተተ፣ በመለኪያ ወረቀት ፒኤች (የአሲድነት ልክ፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ በዝቷል) ይታይ። ደኅናው ከ6.8 እስከ 7.5 ነው። ከ6.5 ከወረደ መመገብ ይቁም፤ የተነፋ አመድ በውሃ በጥብጦ በትንሽ በትንሹ ማስገባት፣ ሲመለስ በእበት ብቻ መጀመር።

ቧንቧው ወደ ውሃ መሰብሰቢያው ማዘንበል አለበት። በብርድ ሌሊት እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ ይጠራቀማል፣ ነበልባሉም ይርገበገባል። መገጣጠሚያ የሚፈተሸው በሳሙና አረፋ ነው፣ በክብሪት ፈጽሞ አይሞከርም።

በ2,800 ሜትር ከፍታ ጋዙ ስስ ስለሆነ አንዱ ሜትር ኩብ በባሕር ወለል ካለው ከሩብ በላይ ያነሰ ኃይል ይይዛል። ወጥና ቡና ይሠራል፤ ለእንጀራ ምጣድ ግን ይህ መጠን አይበቃም።

ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ እዚህ ግን ዝቃጩ ውስጥ ይቀራል። ፀሐይ ላይ ከደረቀ አሞኒያው ስለሚተን እርጥቡን ዝቃጭ ገብስ ማሳ ላይ አፍስሶ ወዲያው አፈር ማልበስ ነው።