ባክአፕ፦ እስካሁን የደረስኩበት

የላፕቶፔን ባክአፕ (የፋይሎቼን መጠባበቂያ ቅጂ) የማደራጀቱ ሥራ መልክ እየያዘ ነው። የምከተለው የታወቀውን የ3-2-1 ደንብ ነው፤ 3 ቅጂ፣ 2 ዓይነት ማስቀመጫ፣ 1ዱ ከቤት ውጭ። አንዱ ላፕቶፑ ላይ ያለው ራሱ ነው። ሌላው እኔ ጋ ያለ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው ደግሞ እህቴ ቤት የሚቀመጥ ዲስክ። ጉግል ድራይቭ በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ለቪዲዮ የትም አያደርስም፤ እዚያ ዲግሪና የልደት ሰርተፊኬት ዓይነቱን ብቻ ነው የማኖረው።

ዲስክ ስትገዙ አንድ ነገር ልብ በሉ። ትልቁ ባለ 3.5 ኢንች የራሱ አዳፕተር ስላለው፣ መብራት በሄደ ቁጥር ኮፒ መሃል ቀጥ ይላል። ትንሿ ባለ 2.5 ኢንች ግን ኃይል የምታገኘው በዩኤስቢ ነው፤ መብራት ቢጠፋም በላፕቶፑ ባትሪ ሥራዋን ትጨርሳለች። ለእኛ አገር ትንሿ ትሻላለች።

በርካሽ የሚሸጥ «1 ቴራባይት» ፍላሽ አይታችሁ አትጓጉ። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ውስጡ ትንሽ ቺፕ ነው ያለው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ትልቅ ነኝ ብሎ ይዋሻል። ኮፒው ያለ ኤረር ያልቃል፣ የፋይሎቹም ስም ተደርድሮ ይታያል። ጉዱ የሚፈላው ፋይሉን ልክፈት ስትሉ ነው። ኤችቱቴስትደብሊው የሚባል ነፃ ፕሮግራም ፍላሹን ጢም አድርጎ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል፤ ውሸቱ ያኔ ይጋለጣል። አዲስ ዕቃ ሳልፈትን ፋይል አላስቀምጥበትም።

ኮፒ የማደርገው ዊንዶውስ ላይ ባለው ሮቦኮፒ ነው። የተለወጠውን ብቻ ስለሚወስድ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ቶሎ ያልቃል። «ሚረር» የሚለውን አማራጭ ግን አልነካውም፤ ላፕቶፑ ላይ የጠፋውን ዲስኩ ላይም ያጠፋዋል። ዲስኩንም ኮፒው እንዳለቀ እነቅለዋለሁ፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ ከገባ የተሰካውን ሁሉ አይምርም።

ሰሞኑን ወደ ዋናው ነገር ገባሁ፤ ሪስቶር። ፋይሎቹን ከዲስኩ ወደ ሰው ላፕቶፕ መለስኳቸው። ፎቶው፣ ቪዲዮው፣ ኤክሴሉ ሁሉ ተከፈተ። የድሮ የአማርኛ ሰነዶቼ ግን በላቲን ፊደል ትርምስ ሆነው ቁጭ አሉ። ፋይሉ ምንም አልሆነም፤ የተጻፈው ዩኒኮድ (ዛሬ ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል አሠራር) ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት ነው፣ ያ ላፕቶፕ ደግሞ ፎንቱ የለውም። ፎንቱን ስጭነው ጽሑፉ ተመለሰ። በእኔ ላፕቶፕ ብቻ ብሞክረው ኖሮ ይህን አላውቅም ነበር። አሁን ፎንቶቹም ባክአፑ ውስጥ ገብተዋል፤ ዋና ዋናዎቹን ሰነዶች ፒዲኤፍም እያደረግኩ ነው።

ቀጣዩ እህቴ ቤት ያለውን ዲስክ ቬራክሪፕት በሚባል ፕሮግራም በይለፍ ቃል መቆለፍ ነው። የይለፍ ቃሉን የት እንደማስቀምጥ ገና አልወሰንኩም። እናንተ እንዴት አደረጋችሁት?